ዘረመል ላጥና ወይስ ባንክ ልቀጠር?

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። የ8 ዓመት ወንድሜ ደረጃ መውጣት አቅቶታል፤ ሐኪሞች «ዱሸን የሚባል የጡንቻ በሽታ ነው» አሉን። የሕዋስን ሽፋን የሚጎዱ የዘረመል ለውጦችን ማጥናት እፈልጋለሁ። ዘመዶቼ «በዚህ ማን ይቀጥርሻል? ባንክ ተፈተኚ» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

እህቴ፣ ከወንድምሽ ልጀምር። አንቺ ማስተርስሽን እስክትጨርሺ የእሱ ሕመም ቆሞ አይጠብቅሽም። ስለዚህ ትምህርትሽን የእሱ መድኃኒት አድርገሽ አትቁጠሪው። እሱ ዛሬ የሚያስፈልገው የሕፃናት ሐኪም ክትትል፣ ፊዚዮቴራፒ፣ የልብ ምርመራና ሐኪሙ ካመነበት የጡንቻውን መድከም የሚያዘገይ ስቴሮይድ ነው። ሁለቱን ስትለያቸው ነው ሙያውን ተረጋግተሽ መምረጥ የምትችዪው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ጣና ዳር ታንኳ ሲሠራ አይተሻል። ደንገሉ በራሱም ይንሳፈፋል፤ ታንኳ የሚያደርገው ግን ማሰሪያው ነው። ማሰሪያው ከላላ በተቀዘፈ ቁጥር እየተፈታ ይሄዳል። ዲስትሮፊን የተባለው ፕሮቲንም የጡንቻ ሕዋስ ማሰሪያ ነው፦ በአንድ ጫፉ ውስጥ ያለውን አክቲን የተባለ የፕሮቲን ክር፣ በሌላው ሽፋኑ ላይ የተተከሉትን ፕሮቲኖች ይይዛል። እሱ ሲጠፋ ጡንቻው በተኮማተረ ቁጥር ሽፋኑ ይሰነጠቃል። ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል፤ ክሬአቲን ካይኔዝ የተባለው ኢንዛይም ወደ ደም ይፈስሳል። ወንድምሽ ከመሬት ሲነሳ ጉልበቱን፣ ቀጥሎም ጭኑን በእጁ እየተመረኮዘ በገዛ አካሉ ላይ የሚወጣ የሚመስለው ከዚህ የተነሳ ነው።

የዲስትሮፊን ዘረመል በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ይገኛል፤ 79 ኤክሶኖች (የፕሮቲኑ መሥሪያ መመሪያ የተጻፈባቸው ቁራጮች) እና 2.2 ሚሊዮን ያህል የዲኤንኤ ፊደላት አሉት። ከ10 ታማሚዎች በ6ቱ ወይም በ7ቱ ላይ ችግሩ የአንድ ወይም የጥቂት ኤክሶኖች መጥፋት ነው። ወንድ ልጅ ያለው ኤክስ አንድ ብቻ ስለሆነ የጠፋው ኤክሶን የተፈለገን የዲኤንኤ ቁራጭ በሚያባዛው በተራ ፒሲአር እንኳ ይታወቃል፤ ውጤቱ በሚነበብበት ጄል ላይ መስመር መታየት የነበረበት ቦታ ባዶ ይሆናል። ውድ የሲኩዌንሲንግ (የዲኤንኤ ፊደላትን የማንበቢያ) ማሽን እስኪገዛ መቀመጥ የለብሽም ማለት ነው። በእናቶች ላይ ግን ይህ አይሠራም፤ ጤነኛው ኤክስ ጉድለቱን ስለሚሸፍነው የኤክሶኑን ቅጂዎች ብዛት የሚለካ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ይህ በቂ ርዕስ ነው።

እኔ ይበልጥ የጎደለን የምለው ግን ላብራቶሪው አይደለም። እናትሽ «ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የተጋባነው፤ ይህ ከየት መጣ?» ቢሉሽ ምን ትያቸዋለሽ? ሰባት ቤት መቁጠር የሚጠቅመው ልጅ ከሁለቱም ወላጆቹ አንድ ዓይነት ጉድለት ሲወርስ ለሚመጡ በሽታዎች ነው። ዱሸን የሚመጣው ግን በእናት በኩል ብቻ ነው፤ ከ3 ታማሚ ልጆች በአንዱ ላይ ደግሞ እናቲቱም የሌለባት አዲስ ለውጥ ነው። ማንም አላጠፋም። ይህንን በአማርኛ፣ እናትን ሳያስደነግጥና ሳያሳፍር የሚያስረዳ ባለሙያ በጣም ያስፈልገናል። አንቺ ደግሞ ነገሩን ከቤትሽ ታውቂዋለሽ። (ለራስሽም ልንገርሽ፦ እናትሽ ተሸካሚ ከሆኑ፣ ማለትም ጉድለቱ በአንዱ ኤክሳቸው ላይ ካለ፣ አንቺም የመሆን ዕድልሽ ግማሽ በግማሽ ነው። ልጅ ከመውለድሽ በፊት ሐኪም አማክሪ፤ ተሸካሚ ሴት ልቧንም መታየት አለባት።)

መንገዱ አጭር አይደለም። የባዮሎጂ ዲግሪ ብቻውን የታማሚ ምርመራ ውጤት ላይ አያስፈርምሽም፤ በሜዲካል ባዮኬሚስትሪ ወይም በባዮቴክኖሎጂ መቀጠል ይኖርብሻል። ቤተሰብሽ የአንቺን ደሞዝ የሚጠብቅ ከሆነ ባንክ መግባት ነውር የለበትም፤ ማታ ማታ ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ተማሪ። ክሊንቫርና ኖማድ የተባሉት የዘረመል የመረጃ ቋቶች በነፃ ይከፈታሉ። ካልተቸገራችሁ ግን እኔ ባንኩን አልመክርሽም። ከዩኒቨርሲቲሽ ፔዳ ግቢ፣ ከአማካሪሽ ደብዳቤ ይዘሽ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ሂጂና ከሐኪሞቹ ጋር መሥራት እንደምትፈልጊ ንገሪያቸው።

ከዚያ በፊት ይህን ሞክሪ። ኤክሶን 45 ብቻውን ሲጠፋ ከባዱ ዱሸን ይመጣል። ከ45 እስከ 55 ያሉት 11ዱም ሲጠፉ ግን ብዙ ጊዜ ቤከር የተባለው ቀለል ያለ የበሽታው ዓይነት ነው የሚሆነው። ብዙ ጠፍቶ ለምን ቀለለ? ፍንጭ ልስጥሽ፦ ሕዋስ የፕሮቲኑን መመሪያ የሚያነበው ሦስት ሦስት ፊደል እያደረገ ነው። የኤክሶን 45 ርዝመት 176 ፊደል ነው፤ ለ3 አካፍዪው። ቀሪዎቹን ኤክሶኖች ፈልገሽ ደምሪና ያገኘሽውን ጻፊልኝ። እየሠራሽው እራት ከረሳሽ እሱንም አክለሽ ጻፊልኝ።