ከምሰሶው እስከ ሞደሙ፦ ስለ ቤት ፋይበር ለጠየቃችሁን

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። እስካሁን የምንጠቀመው በድሮው የስልክ ሽቦ የሚመጣውን ኢንተርኔት ነው፤ ክረምት በገባ ቁጥር ስልኩ ይንኮሻኮሻል፣ ኢንተርኔቱም ይቆራረጣል። አሁን ሰፈራችን ምሰሶ ላይ የፋይበር ሳጥን ተሰቅሏል። ቤታችን ከመንገድ ገባ ያለ ነው፤ ፊት ለፊቱ ብሎኬት፣ ከኋላ የጭቃ ቤት። ባለሙያ ከመምጣቱ በፊት ምን እናዘጋጅ? የድሮው ሽቦስ ያገለግላል? አባባም የቤት ስልኩ እንዳይነካበት ይፈልጋል።

መልስ፦ የድሮው ሽቦ አያገለግልም። እሱ መዳብ ነው፣ ፋይበር ግን ብርሃን የሚያልፍበት የመስታወት ክር ነው፤ ስለዚህ ከምሰሶው ሳጥን እስከ ቤታችሁ አዲስ ገመድ ይዘረጋል። ክረምት ላይ የሚያስቸግራችሁ በመዳቡ መጋጠሚያዎች የሚገባው ውሃ ነው። መስታወት እንዲህ ያለ ችግር የለበትም። የደሴ ጉምና ብርድም አያዳክመውም፤ ብዙ ሰው ይህን ስለሚጠይቀን ነው ያነሳነው።

ሳጥኑ ስለተሰቀለ ብቻ መስመር አለ ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ 8 ወይም 16 መውጫ ነው ያለው፤ ሁሉም ከተያዘ ተራ መጠበቅ ግድ ነው። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከመሬት ሆናችሁ በስልክ ፎቶ አንሡና ወደ አገልግሎት ማዕከሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ ወይም 994 ደውሉ። «ፋይበር አለ ወይ?» ሳይሆን «በዚህ ቁጥር ሳጥን ላይ ክፍት መውጫ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያየ መልስ ነው ያላቸው።

ቀጥሎ መንገዱን ለኩ። ከምሰሶው እስከ ጣሪያችሁ ጠርዝ፣ ከዚያም ሞደሙ እስከሚቀመጥበት ድረስ ስንት ሜትር እንደሆነ እወቁ። ባህር ዛፍ በመንገዱ ላይ ካለ ቅርንጫፉን አስቀድማችሁ አስቆርጡ፤ ነፋስ ሲነሣ ገመዱን እየፈተገ የሚጎዳው እሱ ነው። ገመዱ ከመብራት ሽቦ ጋር እንዳይታሰር፣ የጭነት መኪና በሚያልፍበትም ዝቅ እንዳይል። ማሰሪያው መንጠቆ ጭቃ ግድግዳው ላይ አይመታ፤ ጭቃው ይፈረፈርና ገመዱ ይወድቃል። ብሎኬቱ ላይ በፊሸር፣ ካልተቻለም የጭቃ ቤቱ ቋሚ እንጨት ላይ ይታሰር።

ለማስገቢያው 10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበቃል። አብሽሩ፣ ቤት አይፈርስም። ሲበሳ ግን ከውስጥ ወደ ውጭ ትንሽ ዘቅዘቅ ይበል፤ ገመዱም ከመግባቱ በፊት ከቀዳዳው በታች አንድ ጊዜ ወርዶ ይመለስ፤ ዝናቡ እዚያው ይንጠባጠባል፣ ወደ ቤት አይከተልም። ቀዳዳው በሲሊኮን ይደፈን። ቤት ውስጥ 2 ሜትር ያህል ትርፍ በሰፊው ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ጫፉ አንድ ቀን ቢበላሽ፣ ባለሙያው ቆርጦ እንደገና የሚያስረው ከዚያ ትርፍ ነው። ትርፍ የሌለው ቤት ገመዱ በሙሉ እንደ አዲስ ይዘረጋለታል።

መብረቅን በተመለከተ መስታወቱ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ሆኖም ከምሰሶ የሚመጣው ጠፍጣፋ ገመድ ጎኑ ላይ የሚሸከመው የብረት ሽቦ አለ። ይህ ሽቦ ጣሪያው ጠርዝ ላይ ታስሮ እዚያው ይቆረጥ፤ ወደ ቤት አይግባ። ነጎድጓድ ሲበረታ ደግሞ የሞደሙን ቻርጀር ከሶኬት ንቀሉ፤ የመብራቱ መስመር አሁንም ክፍት በር ነው።

የአባባ ስልክ ጉዳይ በደንብ ሊታሰብበት ይገባል። በመዳብ የሚሠራ ስልክ ኃይሉን ከቴሌ ማዕከል፣ ወደ 48 ቮልት ገደማ፣ በራሱ ሽቦ ስለሚያገኝ መብራት ቢጠፋም ይደውላል። ወደ ፋይበር ሲዛወር ግን ስልኩ የሚሰካው ሞደሙ ጀርባ ላይ ነው፤ ሞደሙ ከጠፋ ስልኩም አብሮ ይጠፋል። ይህን አባባ አስቀድመው ይወቁ። ነባሩ ቁጥር እንዲዛወርም ማመልከቻው ላይ አስጽፉ፤ አዲሱ ስልክ ሲደወልለት ሳትሰሙ የመዳቡን መስመር አታስቋርጡ።

ከኮምቦልቻ ነው የምጽፈው። ፋይበር ከገባልኝ ወራት አልፈዋል። ሞደሙ ላይ አንዲት ቀይ መብራት አልፎ አልፎ ብልጭ ድርግም ትልና ኢንተርኔቱ ይጠፋል፤ በተለይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲኖር። ሞደሙን አጥፍቼ ሳበራው አንዳንዴ ይስተካከላል። ሞደም ልቀይር? ወይስ ፓኬጁን ከፍ ላድርገው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሁለቱንም ተወው፤ ገንዘብህን ያዝ። «ኤልኦኤስ» (LOS) የሚል የተጻፈባት ቀይ መብራት የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ብርሃን እየደረሰኝ አይደለም። ከነፋስ ጋር የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ ችግሩ ከቤትህ ውጭ፣ ከሚወዛወዘው ገመድ ላይ መሆኑ አይቀርም።

ቁጥሩን እናሳይህ። ከማዕከሉ ብርሃኑ በ3 ዲቢኤም (የብርሃን ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ይነሣል እንበል። በመንገድ ላይ በማከፋፈያ ለ64 ቤት ሲከፈል 21 ዲቢ (ምን ያህል እንደደከመ የሚለካበት ነው) ያህል ይቀንሳል። 5 ኪሎ ሜትር ፋይበር 2 ዲቢ ያህል፣ መጋጠሚያዎቹ በድምሩ 1 ዲቢ ተኩል ያህል ይወስዳሉ። ቤትህ የሚደርሰው ከዜሮ በታች 21 ወይም 22 ዲቢኤም ይሆናል ማለት ነው። ሞደሙ የሚችለው ከዜሮ በታች እስከ 27 ድረስ ነው። ልዩነቷ ጠባብ ናት። 3 ዲቢ መጥፋት ማለት ደግሞ የብርሃኑ ግማሽ መጥፋት ነው። አንድ የቆሸሸ ጫፍና አንድ የታጠፈ ቦታ ተደምረው ዳር ያደርሱሃል፤ ከዚያ በኋላ የትንሽ ነፋስ ሥራ ነው።

ቁጥሩን ራስህ ማየት ትችላለህ። ሞደሙ ሥር ተለጥፎ የሚገኘውን አድራሻ ስልክህ ብራውዘር ላይ ጻፍ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.100.1 ነው። ስለ ኦፕቲካል የሚናገረው ገጽ ላይ «አርኤክስ ፓወር» (Rx Power፣ ሞደሙ ጋ የደረሰው ብርሃን መጠን) የሚለውን ፈልግ። ነፋስ በሌለበት ጠዋትና ነፋስ ባለበት ከሰዓት እይና ሁለቱንም መዝግብ። ከዜሮ በታች 25ን አልፎ 26፣ 27 ከነካ ለባለሙያ ደውል፤ ቁጥሮቹንም ንገረው። «ኢንተርኔቴ ይቆራረጣል» ከሚል አቤቱታ ይልቅ ሁለት ቁጥር ፈጥኖ ያስኬዳል።

ባለሙያው ሲመጣ አንድ ነገር ለምነው፦ ምሰሶው ሳጥን መውጫ ላይና ሞደሙ ጋ፣ በሁለቱም ቦታ ይለካ። 100 ሜትር ገመድ ራሱ የሚወስደው ከ0.1 ዲቢ በታች ነው፤ ሁለቱ ጫፎች ቢደመሩ 1 ዲቢ ገደማ ቢወስዱ ነው። በሁለቱ ልኬቶች መካከል ከ2 ዲቢ የበለጠ ልዩነት ካለ ችግሩ በሳጥኑና በቤትህ መካከል ነው። ልዩነት ከሌለና ቁጥሩ ሁለቱም ጋ ደካማ ከሆነ ደግሞ ገመድህን ማስቀየር ዋጋ የለውም፤ ችግሩ ከሳጥኑ በፊት ነው። ይህ ልኬት ሳይወሰድ የተዘጋ ጥገና አልተጠናቀቀም ብለን እናምናለን። አዲስ ለሚያስገባም ሰው እንዲሁ ነው፦ ቁጥሩን ሳያይ አይፈርም።

ባለሙያው እስኪመጣ አንተ ልታያቸው የምትችላቸው አሉ። ገመዱ የቆርቆሮውን ጠርዝ እየነካ ይፈተጋል? መንጠቆው ላይ ስል ታጥፏል? ቤት ውስጥ ሶፋ ወይም አልጋ ተደግፎበታል? አይጥስ ነክሶታል? የዛሬው ፋይበር እስከ 10 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ቢታጠፍ ይችላል፤ እጥፋቱ ከዚያ ከጠበበ ግን ብርሃኑ ከክሩ ወጥቶ ይባክናል። ሞደሙ ላይ የሚሰካውን ጫፍም ቀለሙን እይ። አረንጓዴው ውስጡ ፊቱ በ8 ዲግሪ ዘንበል ብሎ የተቆረጠ ነው፤ ሰማያዊው ቀጥ ያለ ነው። አረንጓዴ ከሰማያዊ ጋር ቢሰካ በጉልበት ይገባል፣ መብራቱም ሊበራ ይችላል፤ ነገር ግን በመካከላቸው ክፍተት ቀርቶ ብዙ ዲቢ ይበላል። ጫፉን በጣትህ አትንካ፣ በትንፋሽህም አታጽዳ፤ ከጣት የሚቀር ቅባት ለዚያ ክር ግድግዳ ነው። ወደ ዓይንህ አቅርበህም አትመልከት፤ ብርሃኑ የማይታይ ሌዘር ነው።

ወልድያ ላይ 12 ክፍል ያላት ባለ አንድ ፎቅ ፔንሲዮን አለችኝ። ፋይበር አስገብቼ ሞደሙን እንግዳ መቀበያው ላይ አስቀምጫለሁ። ታች ጥሩ ነው፣ ፎቅ ላይ ያሉ እንግዶች ግን ያማርራሉ። ፓኬጁን ላሳድገው?

መልስ፦ እህታችን፣ መጀመሪያ ላፕቶፕ በኬብል ከሞደሙ ጋር አገናኝተው ፍጥነቱን ይለኩ። የከፈሉበት ከመጣ ፋይበሩ ጤነኛ ነው፤ ያቃተው ዋይፋዩ ነው። የፎቁ ኮንክሪት ምልክቱን ይውጠዋል፤ ፓኬጅ ማሳደግ ኮንክሪት አያሳልፍም። ሲለኩ ደግሞ ፓኬጁ የሚጻፈው በሜጋቢት፣ የሚወርድ ፋይል የሚታየው በሜጋባይት መሆኑን ልብ ይበሉ፦ 25 ሜጋቢት በሰከንድ 3 ሜጋባይት ያህል ነው።

ከሞደሙ አንድ የኔትወርክ ኬብል ወደ ፎቁ ኮሪደር ያዘርጉ፤ ካት 6፣ ንጹሕ መዳብ፣ ከ100 ሜትር ያልበለጠ። በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ገበያ ላይ ሞልቷል፤ ሲቧጥጡት ውስጡ ነጭ ከሆነ አይግዙት። ጫፉ ላይ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሰራጭ ዕቃ) ኮሪደሩ መሃል ጣሪያ ላይ ይሰቀል። ስሙና የይለፍ ቃሉ ከታችኛው ጋር አንድ ይሁን፤ ቻናሉ (ዋይፋዩ የሚሠራበት የሞገድ መስመር) ግን ይለይ፦ ታች 1 ከሆነ ላይ 6 ወይም 11። ያለ ኬብል ምልክት የሚያባዛውን ርካሽ ዕቃ አንመክርም፤ በአንድ ሬዲዮ ስለሚቀበልና ስለሚያስተላልፍ ፍጥነቱን በግማሽ ይቆርጠዋል። ይህን ሁሉ አድርገው ማታ ማታ እንግዳ ሲሞላ አሁንም የሚያዘግም ከሆነ ያኔ ፓኬጁን ያሳድጉ።

ከሐይቅ። መብራት ሲጠፋ ፋይበሩም አብሮ ይጠፋብናል። መፍትሔ አለው?

መልስ፦ አለው፣ ውድም አይደለም። ምሰሶው ላይ ያለው ማከፋፈያ መብራት አይፈልግም፤ ብርሃን ብቻ ነው የሚከፍለው። ማዕከሉ ጄኔሬተርና ባትሪ ካለው ሰፈሩ ጨልሞም ኢንተርኔቱ እስከ ደጃችሁ ይደርሳል፤ የጠፋው የእናንተ ሞደም ነው። አብዛኛው ሞደም በ12 ቮልት የሚሠራ ሲሆን 8 ዋት ገደማ ይጠቀማል። ለሞደም የሚሆን ትንሽ ባትሪ ሱቅ አለ። 8,800 ሚሊ አምፒር ሰዓት (mAh) ተብሎ ቢጻፍበት አትደናገሩ፤ ያ ቁጥር በ3.7 ቮልት የተሰላ ስለሆነ በተግባር ከ3 እስከ 3 ሰዓት ተኩል ያቆያል። ሌሊቱን ሙሉ ከፈለጋችሁ ትልቁን ፈልጉ።

የመኪና ወይም የሶላር ባትሪ በቀጥታ አታያይዙ፤ እየተሞላ ሳለ ከ14 ቮልት በላይ ስለሚወጣ ሞደሙን ሊያቃጥል ይችላል። በመካከል 12 ቮልት ላይ የሚያጸና ዕቃ ይኑር። ከመግዛታችሁ በፊትም የሞደሙን ቻርጀር ይዛችሁ ሂዱ፦ ቮልቱ፣ የሶኬቱ ውፍረትና ፖዘቲቩ መሃል መሆኑ ከአዲሱ ጋር ይመሳከር።