ስለ ሔዋንና ስለ ልጆቿ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ማታ ስለ ሔዋንና ስለ ልጆቿ የምትጠይቁትን እመልሳለሁ። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር፦ ኦሪት ዘፍጥረት የሚለው፣ የዘፍጥረትን ታሪክ አስፍቶ የሚተርከው ጥንታዊው መጽሐፈ ኩፋሌ የሚለውና ከአያቶቻችን የሰማነው ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አትቀላቅሏቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሔዋን ስንት ልጆች ወለደች?

መልስ፦ ዘፍጥረት በስም የሚጠራው ሦስቱን ነው፦ ቃየንን፣ አቤልንና ሴትን። ምዕራፍ 5 ላይ አዳም ሌሎች ወንዶችና ሴቶች ልጆች እንደወለደ ይናገራል። ቁጥር ግን የለውም። ኩፋሌ ምዕራፍ 4 አዋንና አዙራ የሚባሉ ሁለት ሴቶች ልጆችን ይጠራል። ከእነሱ ሌላ ዘጠኝ ወንዶች ይጨምራል።

ጥያቄ፦ ቃየል ነው ቃየን?

መልስ፦ አንድ ሰው ነው። በቤተ ክርስቲያን ቃየል ሲባል ትሰማለህ፣ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ቃየን ይላል።

ጥያቄ፦ ቃየን ሚስቱን ከየት አመጣት? ሌላ ሰው ነበር እንዴ?

መልስ፦ ሔዋን የሕያዋን ሁሉ እናት ናት (ዘፍ 3፥20)። ስለዚህ ሚስቱ እህቱ ናት። ኩፋሌ አዋን ትባላለች ይላል። በትውፊት ቃየንና አቤል መንታ እህቶች ነበሯቸው ሲባልም ሰምታችሁ ይሆናል። እሱ ከዘፍጥረት አይደለም።

አንድ አባል፦ ይቅርታ መምህር፣ ኩፋሌ እኮ ከ66ቱ የመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት ውስጥ የለም። እንደ ማስረጃ ባይጠቀስ።

ሌላ አባል፦ በኦርቶዶክስ ከ81ዱ ውስጥ አለ ወንድሜ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ስታነበው ኖራለች። ቤተ እስራኤሎችም ያነቡታል።

የመጀመሪያው አባል፦ ማንበብ ሌላ፣ ቃለ እግዚአብሔር ነው ማለት ሌላ።

ሦስተኛዋ አባል፦ የዕብራይስጡ ቁርጥራጮች በሙት ባሕር አጠገብ ባሉት በቁምራን ዋሻዎች ተገኝተዋል እኮ! ጥንታዊ መጽሐፍ ነው።

የመጀመሪያው አባል፦ ጥንታዊ መሆኑን መቼ ካድኩ?

መልስ፦ ወንድሞቼ፣ እህቴ፣ ይብቃችሁ። ኩፋሌ ሙሉውን የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው፤ ለዚያ አባቶቻችንን አመሰግናለሁ። የትኛው መጽሐፍ ከመጽሐፍ ቅዱስ ይቆጠራል የሚለው የቀኖና ክርክር ግን የዛሬ ርዕሳችን አይደለም። ለዚህ ነው በየመልሱ ከየት እንደሆነ የምናገረው።

ጥያቄ፦ ፍሬው ፖም ነበር?

መልስ፦ ዘፍጥረት ፍሬ ብቻ ነው የሚለው። እኛ ዕፀ በለስ የምንለው፣ ቀጥሎ የበለስ ቅጠል ሰፍተው ስለለበሱ ነው። ፖሙ የመጣው ከምዕራባውያን ነው።

ጥያቄ፦ ስለ ሔዋን ትንሽ ቢያብራሩልን?

መልስ፦ ምኗን ላብራራ? ጥያቄህን ለይተህ አምጣ።

ጥያቄ፦ ሦስተኛው ልጅ ወንድ ሆኖ ለምን «ሴት» ተባለ? ልጄ ጠይቃኝ መልስ አጣሁ።

መልስ፦ ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ለልጅሽ ሁለቱ ቃላት ድምፃቸው ብቻ እንደገጠመ ንገሪያት። ስሙ የዕብራይስጥ ነው፤ «ሰጠ፣ ተካ» ከሚል ቃል ጋር የተያያዘ ነው።

አሁን ግን ትንሽ ልቆይበት። ብዙ ሰው ሔዋንን ምዕራፍ 3 ላይ ትቷት ይሄዳል። እባብ፣ ፍሬ፣ ስደት፣ አለቀ። ምዕራፍ 4ን እንደ እናት አንብቡት። ቃየን ሲወለድ «ወንድ ልጅ ከእግዚአብሔር አገኘሁ» አለች። በዕብራይስጡ «አገኘሁ» የሚለው ቃልና የልጁ ስም ይመሳሰላሉ። ከገነት ከወጣች በኋላ የምንሰማው የመጀመሪያ ቃሏ ምስጋና ነው! አቤል ሲወለድ ምንም ስትል አንሰማም። ስሙ በዕብራይስጥ እስትንፋስ፣ እንፋሎት ማለት ነው። መጽሐፈ መክብብ «ከንቱ» የሚለውም ይኸው ቃል ነው። ታይቶ የሚጠፋ። ከዚያ ሴት ተወለደ። ስሙን ያወጣችው እሷ ናት፦ «ቃየን በገደለው በአቤል ፋንታ እግዚአብሔር ሌላ ዘር ተክቶልኛል» (4፥25)። የሞተውንም የገደለውንም በአንድ ትንፋሽ ጠራቻቸው። ሁለቱም ከማኅፀኗ የወጡ ናቸው። እኔ ይህን ጥቅስ ሳነብ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ጥያቄ፦ መምህር የቃየን ሚስት ማን ነበረች?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ወደ ላይ አንብቡ።

ጥያቄ፦ የቃየን ምልክት ጥቁር ቆዳ ነው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ ሐሰት ነው። ዘፍ 4፥15ን አንብብ። ምልክቱ የተደረገለት ያገኘው ሁሉ እንዳይገድለው ነው፤ ጥበቃ ነው። ምን ዓይነት ምልክት እንደሆነ አልተጻፈም። አሜሪካ ውስጥ ባርነትን ለማጽደቅ ይህን ትርጉም የሰበኩ ነበሩ። ያልተጻፈውን ጨምሮ ማንበብ ሰው በሰንሰለት እስከማሰር ያደርሳል። አትቀላቅሉ የምለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የቃየን ልጅ ሄኖክ ያው ያረገው ሄኖክ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ያረገው ከአዳም ልጅ ከሴት ዘር ነው፣ ከአዳም ሰባተኛ።

ጥያቄ፦ የአዳም የመጀመሪያ ሚስት ናት የሚሏት ሊሊትስ?

መልስ፦ ዘፍጥረት ውስጥ የለችም። ቀጥሉ።

ጥያቄ፦ ሴት ልጅ ወልጄ አራስ ነኝ። ክርስትና በ80 ቀን የሆነው በሔዋን ምክንያት ነው?

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ! አዎ፣ ኩፋሌ ምዕራፍ 3 አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት ገቡ ይላል። የዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 የእናት የመንጻት ቀንም ሲደመር ለወንድ ልጅ 40፣ ለሴት ልጅ 80 ነው። ቅጣት አድርገው ቢነግሩሽ አትቀበዪ። እዚያ ላይ ሔዋን ገና አልበደለችም፣ ወደ ገነት እየገባች ነው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የመጨረሻ። ሔዋን ለአቤል አልቅሳለች። ለቃየንስ?

መልስ፦ ለአቤል ኩፋሌ 28 ዓመት አዘኑ ይላል። ለቃየን የተጻፈ የለም፣ እኔም አልጨምርም። ግን 2ኛ ሳሙኤል 14ን ክፈቺ። ከቴቁሔ የመጣችው ሴት ዳዊት ፊት ቆማ፣ ሁለት ልጆቼ በሜዳ ተጣሉ፣ አንዱ ሌላውን ገደለው አለች። ታሪኩን የዳዊት የጦር አለቃ ኢዮአብ ነው ያስጠናት። ዳዊት ግን አመናት። ምክንያቱም የለመነችው የቀረላትን አንዱን ፍም፣ ገዳዩን ልጇን፣ እንዳያጠፉባት ነበር።