መልስ፦ የድሮ ጌሞች ራስቤሪ ፓይ ላይ ለምን አይታዩም?

ወንድሜ፣ ራስቤሪ ፓይ 4 በምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ሬትሮፓይ የሚባለውን የድሮ ጌም ማጫወቻ ሶፍትዌር ጭነህ የገለበጥካቸው ጌሞች ሜኑው ላይ አልወጡም ብለሃል። መጀመሪያ ፎልደሮቹን እይ። ሮምስ (roms) የሚለው ውስጥ እያንዳንዱ የጌም ማሽን የራሱ ፎልደር አለው። የሱፐር ኒንቴንዶ ጌም ኤስኤንኢኤስ (snes)፣ የፕሌይስቴሽን 1 ደግሞ ፒኤስኤክስ (psx) ውስጥ ይገባል። ሁሉንም አንድ ላይ ከቆለልካቸው አያገኛቸውም። ካስተካከልክ በኋላ ሜኑውን የሚያሳየውን ፕሮግራም፣ ኢሙሌሽንስቴሽንን፣ ሪስታርት አድርገው።

ፕሌይስቴሽን 1 ግን ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንድ ጌም ብዙ ጊዜ ቢን (.bin) እና ኪው (.cue) የሚባሉ ፋይሎች አሉት። ቢኑ ራሱን ጌሙን የያዘው ነው። ኪው ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ናት፤ የቢኑን ስም በውስጧ ይዛለች። እኔ ስሙ ረዘመብኝ ብዬ ቢኑን ብቻ ሪኔም አደረግኩና ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጬ አመሸሁ። ኪውን በኖትፓድ ከፍቼ ስሙን ሳስተካክል ወዲያው ተነሳ! እንደ ፋይናል ፋንታሲ 7 ሦስት ሲዲ ላለው ጌም ደግሞ ኤም3ዩ (.m3u) የሚባል የዝርዝር ጽሑፍ ፋይል አዘጋጅና የሦስቱን ኪው ስም በየመስመሩ ጻፍበት።

ሌላው መብራት ነው። እዚህ ጎንደር መቼ እልም እንደሚል አይታወቅም። አዘዞ ቤታችን ጌም እየገለበጥኩ ጠፍቶብኝ የራስቤሪ ፓይውን ሜሞሪ ካርድ ከዜሮ መጫን ነበረብኝ። አሁን የሁሉም ኮፒ ላፕቶፔ ላይ አለ። አንተም ስትጨርስ ከሜኑው ሻትዳውን በለው እንጂ ገመዱን አትንቀል።

ካልሆነልህ የፎልደሩን ፎቶ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።