ገመዱን ያስፈታውን ሰው እንዴት ላመስግነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። ታናሽ ወንድሜ ባለፈው ፍልሰታ ሦስት ሌሊት ሳይተኛ ቆይቶ ለያዥ ለገናዥ አስቸገረ። ጎረቤት ተረባርቦልን፣ በገመድ አስረን አማኑኤል ሆስፒታል ወሰድነው። ተረኛው ዶክተር ምንም አልፈራውም። አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ በስሙ ጠራው። ውሃ አጠጣውና «እስኪ ገመዱን ፍቱለት» አለን። አሁን ወንድሜ ደህና ነው፤ ሥራም ጀምሯል። ያንን ሰው በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። ሁለቱን ፎቶ አንስቼ ፌስቡክ ላይ ልለጥፍ?

ታላቅ እህት፣ ከኮልፌ

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ወንድምሽን ተሻለው። መጀመሪያ አንድ ነገር አጣሪ። «ዶክተሩ» ያልሽው ሰው ነርስ ሊሆን ይችላል። እኛ አገር ነጭ ጋዋን የለበሰ ወንድ ሁሉ ዶክተር ነው። ሴት ከሆነች ደግሞ ስፔሻሊስትም ብትሆን «ሲስተር» ናት። ምስጋናሽ ለሌላ ሰው እንዳይሄድ ስሙን ጠይቂ።

ለነገሩ የአእምሮ ሕክምና የኖረው በነርስ ትከሻ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ስፔሻሊስት ለመሆን ውጭ መሄድ ነበር፤ የነበሩትም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

እኔም 22 ዓመት በዚሁ ሙያ አድሬያለሁ። ታክሲ ውስጥ የት እንደምሠራ ስጠየቅ «ጤና ጣቢያ» እል ነበር። እውነቱን ከተናገርኩ «አንቺንስ አልነካሽም?» ብሎ የሚስቅ አይጠፋም። አንድ ዓመት ምስጉን ሠራተኞች ሲሸለሙ ማዋለጃ ተጠራ፣ ቀዶ ሕክምና ተጠራ። የእኛ ክፍል ሰዎች ወንበር ስንደረድር ዋልን።

ፎቶውን ግን ተይው። ሥራ ጀምሯል ብለሽኛል፤ አለቃው ፌስቡክ የለውም? የታመመው እሱ ነው፤ ይነገር አይነገር የሚለውም እሱ ነው።

ይልቅ ደብዳቤ ጻፊ። ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ አድርጊውና መዝገብ ቤት አስገቢ። ግልባጩ የሰውዬው የግል ማህደር ውስጥ ይቀመጥ ብለሽ ጠይቂ። ቀኑንና ሰዓቱን አትርሺ። «ትጉህና ታታሪ» የሚለውን እዚያ ቤት ጠግበውታል፤ አንቺ ስለ ገመዱ ጻፊ። በር ላይ የተቀበላችሁ ጥበቃ ካለም እሱንም ጨምሪው፤ እሱን ማንም አይጽፈውም። ወንድምሽ ከፈለገ ከሥር ይፈርም።

ለእኔ በ22 ዓመት የደረሰኝ ደብዳቤ አንድ ነው። ከደብተር የተቀደደ ግማሽ ገጽ። «ያን ሌሊት ሬዲዮኑን ስላልዘጋሽብኝ» ይላል። የትኛው ሌሊት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላስታውስም።