ስለ አንድ መጽሐፍ አራት አስተያየት፤ የትኛውን ልመን?

ውድ ጠያቂያችን፣

የሒሳብ አያያዝ ተማሪ እንደሆንሽ፣ ከትምህርትሽ ጎን ለጎን ድረ ገጽ መሥራት ተምረሽ በዚያ ሙያ መቀጠር እንደምትፈልጊ ጽፈሽልኛል። 150 ገጽ ያህል ያለው፣ ለጀማሪዎች የተዘጋጀ የዌብ ፕሮግራሚንግ መጽሐፍ መርጠሽ ልትገዢው ስትይ የአንባቢዎቹ አስተያየት አራምባና ቆቦ ሆነብሽ። አንዱ «በሁለት ቀን ጨረስኩት፣ ሁሉም ነገር ገባኝ» ይላል። ሌላው «ላይ ላዩን ነው» ብሎ ያጣጥለዋል። ሦስተኛው «ምሳሌዎቹ አይሠሩም» ሲል ያማርራል፤ አራተኛው ደግሞ «ጨርሼው ሥራ አላገኘሁም» ይላል። ማንን ልመን? ይህን ልተወውና 800 ገጽ ያለውን ትልቁን ልግዛ? ነው ጥያቄሽ።

አራቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። አስተያየት ስታነቢ ከኮከቡ ብዛት በፊት፣ ጸሐፊው መጽሐፉን ሲከፍት ምን ያውቅ እንደነበር ፈልጊ። «ላይ ላዩን ነው» ያለው ሰው ቀድሞ ሌላ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሚያውቅ ከሆነ፣ እርሱን ያሰለቸው ማብራሪያ አንቺ አጥብቀሽ የምትፈልጊው ነው። ስለዚህ የእርሱ ወቀሳ ለአንቺ መጽሐፉን የመግዣ ምክንያት ሊሆን ይችላል። «ሁሉም ነገር ገባኝ» ባለው ግን አትቸኩዪ። የተጻፈ ኮድ አንብቦ መረዳትና ባዶ ፋይል ከፍቶ መጻፍ ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው፤ በሁለት ቀን የጨረሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ብቻ ነው ያገኘው። እኔ ከሁሉ አስበልጬ የማምነው ከመጽሐፉ በኋላ ምን እንደሠራ የሚናገረውን አንባቢ ነው።

በጥንቃቄ መመርመር ያለበት የሦስተኛው ቅሬታ ነው። ምሳሌ የማይሠራው ብዙ ጊዜ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የአንባቢው የፊደል ግድፈት ነው። ድረ ገጽን የሚያንቀሳቅሰው ቋንቋ ጃቫስክሪፕት የእንግሊዝኛን ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል፤ አንዲት ቅንፍ ሳትዘጋ ብትቀር ደግሞ ፕሮግራሙ በሙሉ ይቆማል። ለዚህ መጽሐፉ ተጠያቂ አይደለም። ጥሩ የጀማሪ መጽሐፍ ግን የብራውዘሩን ኮንሶል (የስሕተት መልእክት የሚታይበትን መስኮት) ከፍቶ የስሕተቱን መልእክትና የመሥመሩን ቁጥር ማንበብን ገና በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ያስተምራል። ይህን የማያስተምር መጽሐፍ አንባቢውን ሜዳ ላይ ይጥለዋል።

ሁለተኛው ምክንያት እርጅና ነው። እዚህ ላይ ሁሉም ቋንቋ በእኩል አያረጅም። በሰርቨር (ድረ ገጹን በሚልከው ኮምፒውተር) ላይ የሚሠራውን ፒኤችፒን ብንወስድ፣ ማይኤስኪውኤል ከሚባለው ዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ) ጋር የሚያገናኙት የቀድሞዎቹ ትዕዛዞች እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ በወጣው ሰባተኛው ዕትም ከቋንቋው ተወግደዋል። በእነርሱ ላይ የተመሠረተ ምሳሌ በአዲሱ ዕትም ፈጽሞ አይሠራም፤ አንባቢው ምንም ቢጠነቀቅ አያድነውም። ጃቫስክሪፕት ሌላ ጠባይ አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የቋንቋው መመዘኛ ብዙ አዳዲስ አጻጻፎችን አመጣ፤ ሆኖም ብራውዘሮች የድሮውንም ስለሚቀበሉ አሮጌው ምሳሌ ዛሬም ይሠራል፣ አጻጻፉ ብቻ በቀጣሪ ዓይን ያረጀ ይመስላል። የገጽ አቀማመጥ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ግሪድ የተባለውን የሲኤስኤስ (የገጽ መልክ መወሰኛ ቋንቋ) የአቀማመጥ ዘዴ ስለተቀበሉ፣ ገጽን በሠንጠረዥ መከፋፈል የሚያስተምር መጽሐፍ ጊዜሽን ያባክናል። ስለዚህ የታተመበትን ዓመትና የዕትሙን ቁጥር እዪ፤ አስተያየቱ የተጻፈበትንም ቀን እዪ። ከብዙ ዓመት በፊት የተሰጠ ምስጋና በጊዜው እውነት ነበር፤ ዛሬ ግን ላይረዳሽ ይችላል።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፣ በዚህ ላይ አልደራደርም። መጽሐፉ ስለ ዳታቤዝ ምዕራፍ ካለው፣ ተጠቃሚው በቅጹ ላይ የሞላውን ጽሑፍ እንዳለ ከዳታቤዝ ትዕዛዝ ጋር ይቀጥለው እንደሆነ አጣሪ። እንዲህ ከሆነ ክፉ ሰው በስም መሙያው ቦታ ትዕዛዝ ጽፎ መረጃውን ሊሰርቅ ወይም ሊያጠፋ ይችላል። መፍትሔው ትዕዛዙንና የተጠቃሚውን ጽሑፍ ለየብቻ መላክ ነው፤ ለማስተማርም ግማሽ ገጽ ይበቃል። «አጭር ስለሆነ ነው የዘለለው» የሚል ማመካኛ አልቀበልም፤ ጀማሪ መጀመሪያ የለመደውን ነው ሥራ ቦታ ይዞ የሚሄደው።

ይህን ፈተና ካለፈ አጭሩን ግዢ። ትልቁን ለጊዜው ተዪው። አሁን የሚያስፈልግሽ ኤችቲኤምኤል ይዘቱን፣ ሲኤስኤስ መልኩን፣ ጃቫስክሪፕት እንቅስቃሴውን እንዴት እንደሚይዙና ብራውዘር ከሰርቨር ጋር እንዴት እንደሚነጋገር ከዳር እስከ ዳር ማየት ነው። ዝርዝሩን ስትፈልጊ ኤምዲኤን የሚባለው የሞዚላ ማብራሪያ በነጻ አለ፤ በየጊዜውም ይታደሳል።

ወደ አራተኛው አንባቢ ልምጣ። ሥራ አለማግኘቱ ያሳዝነኛል፤ ነገር ግን 150 ገጽ ሥራ ያስገኛል ብሎ መጠበቅ ከመነሻውም ልክ አልነበረም። ቀጣሪ የሚጠይቅሽ ምን እንዳነበብሽ ሳይሆን ምን እንደሠራሽ ነው። አንቺ ደግሞ ሌሎች ጀማሪዎች የሌላቸው ነገር አለሽ፤ ሒሳብ ታውቂያለሽ። የመጽሐፉን የመጨረሻ ምሳሌ ገልብጠሽ ከማሳየት ይልቅ ገቢና ወጪ የሚመዘግብ፣ በወሩ መጨረሻ ሚዛኑን የሚያወጣ ትንሽ ድረ ገጽ ሥሪ።

ስትሠሪውም መጽሐፉ ያልነገረሽ ችግር ይገጥምሻል። በጃቫስክሪፕት 0.1 እና 0.2 ብትደምሪ መልሱ ልክ 0.3 አይመጣም፤ 0.30000000000000004 ይመጣል። ኮምፒውተሩ እነዚህን ቁጥሮች በሁለትዮሽ ስለሚይዛቸው በትክክል ሊወክላቸው አይችልም። ለጨዋታ ፕሮግራም ይህ ምንም አይደለም፤ ለሒሳብ መዝገብ ግን ነውር ነው። ገንዘቡን በትንሹ አሃዱ፣ በሙሉ ቁጥር መዝግቢና ለተጠቃሚው ስታሳዪ ብቻ ወደ ነጥብ ቁጥር መልሺው። በቃለ መጠይቅ ላይ «ለምን እንዲህ አደረግሽ?» ሲሉሽ ይህን በራስሽ አንደበት ማስረዳት ከቻልሽ፣ ጠያቂዎቹ ሥራው የራስሽ መሆኑን ያውቃሉ። ኮዱንም ጊት በሚባለው፣ እያንዳንዱን ለውጥ በሚይዝ መሣሪያ እየመዘገብሽ አስቀምጪ፤ ሥራው ደረጃ በደረጃ እንዴት እንዳደገ ያዩታል።

ትምህርቴን ላቋርጥ ወይ ላልሽው፣ አታቋርጪ። የሒሳብና የክፍያ ሥርዓት የሚሠሩ ድርጅቶች ኮዱንም መዝገቡንም የሚረዳ ሰው ይፈልጋሉ፤ አንቺ ደግሞ ከሁለቱ አንዱን በክፍል ውስጥ እየተማርሽው ነው።