ታክሲዬ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ይለቃል፤ ሞተር ይውረድ ወይ?

ጥያቄ፦ «5ኤል ሞተር ያለው ሃይስ ሚኒባስ አለኝ። ከስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳ ነው የሚሠራው። ዳገቱን ሲይዝ ጥቁር ጭስ ይለቃል። ጉልበቱ ቀንሷል፣ ናፍጣም ይበላል። አንድ መካኒክ ሞተር ይውረድ አለኝ። ሌላው ደግሞ ፖምፓውን ትንሽ ከፈት እናድርገው፣ ይስብልሃል አለኝ። የቦሎ ጊዜም ደርሷል። የቱን ልስማ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለጊዜው ሁለቱንም አትስማ። ሞተሩን አታስወርድ፤ ናፍጣ ለክቶ የሚሰጠውን ፖምፓ ደግሞ በፍጹም አታስከፍት።

ጥቁር ጭስ በደንብ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው። ወይ ናፍጣው በዝቷል፣ ወይ አየሩ አንሷል፣ ወይ ናፍጣው በቅጡ አልተረጨም። ጭሱ ሰማያዊ ቢሆን ኖሮ ዘይት ያቃጥላል፣ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) እንጠርጥር እልህ ነበር። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ቢሆን ወደ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) እንሄድ ነበር። ያንተ ጥቁር ነው፣ የሚብሰውም ዳገት ላይ ነው። እንዲህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ሞተር ሳይወርድ ይስተካከላል።

መጀመሪያ ከተማችን ያለችበትን ከፍታ አስብ። ፒያሳ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። ሽሮ ሜዳ ከዚያም ይበልጣል። እዚህ ሞተርህ የሚስበው ኦክስጅን ጅቡቲ ላይ ከሚያገኘው በሩብ ገደማ ያንሳል። 5ኤል ደግሞ ተርቦ የሌለው ባለ 3 ሊትር ሞተር ነው፤ አየር የሚገፋለት የለም። ከፍታውን አይተው ናፍጣ የሚቀንሱ ፖምፓዎች አሉ። ያንተ እንዲህ ዓይነቱ ካልሆነ ግን ልኩን ሰው ነው የሚያበጅለት።

«ከፈት እናድርገው» ያለህ ሰው የሚነካው በፖምፓው ጀርባ በኩል ያለችውን፣ በዳዶ የታሰረች ቪቴ (ማስተካከያ ብሎን) ነው። እሷ ወደ ውስጥ በገባች ቁጥር ናፍጣው ይጨምራል። ለጥቂት ቀን መኪናው የጠነከረ ይመስላል። ግን አየሩ ያው ነው። የተጨመረው ናፍጣ የሚቃጠልበት ኦክስጅን ስለሌለ ጥላሸት ሆኖ በማርሚታው ይወጣል። የማስወጫው ሙቀት ይጨምራል፣ ፒስተኑና ቫልቩ ይጎዳሉ፣ ዘይትህ ቶሎ ይጠቁራል። ያን ጊዜ እውነትም ሞተር ይወርዳል።

በዚህ ነገር ሆዴ ይቃጠላል፤ ለምን እንደሆነ ልንገርህ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስ ካንሰር አምጪ መሆኑን አረጋግጦ መድቦታል። አንተ በምትሠራበት መስመር ሽሮ ሜዳ ላይ ነጭ ሸማና ጥበብ መንገድ ዳር ተሰቅሎ ይሸጣል። ሸማው ላይ የሚያርፈው ጥላሸት ሻጮቹ ሳንባ ውስጥም ይገባል። ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ናቸው። ሹፌርህና ረዳቱም እንደዚያው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሏል፣ ጥሩ ነው። ግን አስፋልቱ ላይ ያለው ናፍጣ መኪና ገና ብዙ ዓመት ይሠራል። ስለዚህ የአዲስ አበባ አየር ለጊዜው ያለው በእኛ በመካኒኮችና በእናንተ በባለንብረቶች እጅ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ከርካሹ ጀምር። የአየር ፊልትሮውን አውጣና ውስጡ የስልክ መብራት አብራ። ብርሃኑ በወረቀቱ ካላለፈ ጣለው። አቧራው ትንሽ ከሆነ ኮምፕሬሰር ከውስጥ ወደ ውጭ እያራቅህ ንፋ፤ አስጠግተህ ከነፋህ ወረቀቱ ይቀደዳል። በቤንዚን ወይም በናፍጣ የሚያጥቡ አሉ፣ አታድርገው። ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ጎማ ቱቦም በእጅህ ጨምቀው። ያረጀ ከሆነ ሞተሩ ሲስብ ይጨማደድና አየሩን ያንቃል።

ቀጥሎ ኖዝል፣ ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨው። የብዙ ሚኒባሶች በሽታ ያለው እዚህ ነው። የትኛው ኖዝል እንደታመመ ለማወቅ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ የአንዱን ቱቦ ዳዶ በጨርቅ ሸፍነህ በትንሹ ታላላለህ፤ ከዚያ ታጠብቅና ወደሚቀጥለው ትሄዳለህ። ስታላላው የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ ወይም ጭሱ ከቀነሰ በሽተኛው እሱ ነው። እጅህን ግን ከሚረጨው ናፍጣ አርቅ፣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ይህን ዘዴ ዲ ፎር ዲ በሚባለው አዲሱ የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ላይ በፍጹም እንዳትሞክረው። የዚያ ግፊት ሌላ ነው፣ ሰው ይጎዳል።

ከዚያ አራቱንም ኖዝሎች አስፈትተህ ፖምፒስታ (የፖምፓና የኖዝል ባለሙያ) ጋ ውሰድ። ስትሰጥ ዝም ብለህ አትሂድ፣ ቆመህ እይ። መሞከሪያው ላይ ሲጫን ጤነኛው እንደ ጉም በትኖ ይረጫል፣ ንዝረት ያለው ድምፅም ያሰማል። ሲቆም ጫፉ ደረቅ ነው። የታመመው በአንድ በኩል እንደ ሽንት ይወርዳል፤ ወይም ከቆመ በኋላ ጫፉ ላይ ጠብታ ይንጠለጠላል። ያቺ ጠብታ ናት ዳገት ላይ የምታየው ጭስ። ኖዝሉ ሲመለስ ከሥሩ ያለችው ሮንዴላ (ማሸጊያ ቀለበት) አዲስ ትሁን። አንዴ የተጨፈለቀች ሁለተኛ በደንብ አትዘጋም።

ኖዝሉ ተሠርቶ ጭሱ ካልጠፋ ያን ጊዜ ፖምፓው ወርዶ ባንኮ (የፖምፓ መሞከሪያ ማሽን) ላይ ይለካ። ለፖምፒስታው «ጉልበት ጨምርልኝ» አትበለው። «ለአዲስ አበባ ከፍታ ልክ አድርግልኝ፣ አራቱም እኩል ይስጡ» በለው። ሲጨርስ ቪቴዋ ላይ ቀለም ያስነካባት። ማንም ከነካት በቀለሙ ታውቃለህ። ለቦሎ ሰሞን ቪቴዋን ዘግተው በማግስቱ መልሰው የሚከፍቱ አሉ። ሹፌርህንም ይህን ንገረው።

የታይሚንግ ቺንጋ (የቫልቩንና የፖምፓውን ጊዜ የሚያስጠብቀው ቀበቶ) በቅርቡ ተቀይሮ ጭሱ ከዚያ ወዲህ ከጀመረ የመግጠሚያ ምልክቶቹ ይታዩ። አንድ ጥርስ መዝለል ይበቃል። ቺንጋው 100,000 ኪሎ ሜትር ከሞላው ደግሞ ጭስ ኖረም አልኖረም ይቀየር።

ስለ አነዳዱ አንድ ነገር። ሦስተኛ ላይ ሆኖ ሞተሩ እያቃሰተ ነዳጁን እስከ ታች መርገጥ ከጤነኛ መኪናም ጭስ ያወጣል። ዳገቱ ሳይከብድ ሁለተኛ ይግባ፣ እግሩንም ግማሽ ላይ ይያዝ። ተራ ሲጠብቅም ሞተሩን ያጥፋ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ጥቁር ከሆነ ቫልቭ ይስተካከል፣ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት) ይለካ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። መመሪያው ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ላይ ጤነኛ ሞተርም ከዚያ በሩብ ገደማ ዝቅ ብሎ ያነባል። «ኮምፕሬሽን ወርዷል፣ ሞተር ይውረድ» ከተባልክ የአራቱንም ሲሊንደር ቁጥር በወረቀት ጻፍልኝ በል። አራቱ ከተቀራረቡ ብዙ አትስጋ። አንዱ ከሌሎቹ ርቆ ከወደቀ ግን ያ ሲሊንደር ተጎድቷል፣ ቴስታታውን ማስከፈት ይኖርብሃል።