የጀልባ ሞተሬ ተበሳ፤ በምን ልድፈነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት ጎብኚ የማመላልስበት ጀልባ አለኝ። ሞተሩ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ ሁለት ፒስተን፣ ቤንዚንና ዘይት ተደባልቆ የሚሞላ ነው። አንድ ጋራዥ የሞተሪኖውን (የማስነሻውን ሞተር) ብሎን ሲቀይርልኝ ረጅም ብሎን አስገባና ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) የሚዞርበትን ቤት በሳው። ቀዳዳው የእስክሪብቶ ጫፍ ቢያክል ነው። በሳሙና ደፈንኩት፤ ሲሞቅ ይተፋዋል። ዙሩን ስቀንስ ደግሞ ይጠፋብኛል። ፒስተኑ እንዳይጎዳ ብዬ ዘይቱን ጨመር አድርጌአለሁ። ላስበይደው ወይስ በማጣበቂያ ይያዛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ሞተሩን አታስነሳው። ሳሙና ለሚያፈስ የቤንዚን ታንከር ጥሩ ዘዴ ነው፤ አንድ ቀን ያሻግርሃል። እዚህ ግን አይሠራም።

የመኪና ሞተር ቢሆን ዘይት ጠብ ጠብ ይል ነበር እንጂ ቀስ ብለህ ጋራዥ ትደርሳለህ። ያንተ ሞተር ላይ ኮሎው ያለበት ቤት እንደ ፓምፕ ነው የሚሠራው። ፒስተኑ ሲወጣ ድብልቁን ከካርቡሬተር ይስባል፤ ሲወርድ ይጨምቅና ወደ ላይ ይገፋዋል። በቀዳዳው በኩል ቤንዚን የሌለው አየር ከገባ ድብልቁ ይሳሳል፣ ፒስተኑም ከልክ በላይ ይግላል። ዙር ስትቀንስ የሚጠፋብህም ለዚሁ ነው። ካላመንከኝ ሁለቱን ካንዴላ (እሳት የሚጭሩትን) ፍታና ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። ከእያንዳንዱ ፒስተን ሥር ያለው ክፍል ለብቻው የታሸገ ስለሆነ አንዱ ካንዴላ ቡናማ፣ የሚያፈሰው በኩል ያለው ደግሞ ነጣ ብሎ ታገኘዋለህ።

እኔን ያሳሰበኝ ከቀዳዳው ይልቅ ስባሪው ነው። ብሎኑ ገፍቶ የጣለው አልሙኒየም የት ገባ? ኩሽኔታ (ኮሎው ተደግፎ የሚሽከረከርበት) ውስጥ ከገባ ኮሎውንም፣ ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘውን ክንድ ቢየላውንም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ከውጭ ለጥፈህ የምትገላገለው ነገር አይደለም። ሞተሩ ይፈታል፣ ስባሪው ይፈለጋል፣ ይታጠባል። ከተፈታ አይቀር ፓራኦሊዮዎቹንም (ኮሎው ላይ ያሉትን የማሸጊያ ጎማዎች) ቀይራቸው።

ብየዳውን ለዚህች ቀዳዳ አልመክርህም። አልሙኒየም በአርጎን ጋዝ ይበየዳል፣ ልክ ነው። ግን ዘይት ሲጠጣ የኖረ ብረት ንጹሕ ብየዳ አይቀበልም፤ ሙቀቱም ቤቱን ሊያጣምመው ይችላል። የቤቱ ሁለት ግማሾች ፋብሪካ ውስጥ አንድ ላይ ታስረው ነው የኮሎው ቦታ የወጣላቸው። አንዱ ከተበላሸ ከሌላ ሞተር ግማሹን ብቻ አምጥተህ አትገጥምም።

ዕድለኛ ነህ፣ የተበሳው ብሎን የሚገባበት ቦታ ስለሆነ ጥርስ አለው። ጥርሱን በአሴቶን ቅባቱ እስኪጠፋ እጠበው፤ በቤንዚን አይሆንም፣ ቅባት ይተዋል። ራስ የሌለው አጭር ብሎን ውሰድ፣ ባለ ሁለት ቱቦ ማጣበቂያ (ኢፖክሲ) ቀባውና እስከ ሥሩ አጥብቀው። ኢፖክሲው ቤንዚን የሚችል፣ ቀስ ብሎ የሚደርቀው ዓይነት ይሁን፤ በአምስት ደቂቃ የሚደርቀውን ተወው። 24 ሰዓት አትንካው። ብሎኑ ወደ ውስጥ ብቅ ማለት የለበትም። ኮሎውን አስቀምጠህ በእጅህ አዙረው፤ የትም መንካት የለበትም። የሞተሪኖውን ብሎን ደግሞ ድፍኑን እንዳይገፋው አሳጥረው። ጣና ጨው ስለሌለው ተራ ብሎን ይበቃሃል። ቀይ ባሕር ላይ ብትሆን ጨዋማው ውኃ በብረቱ ዙሪያ ያለውን አልሙኒየም ይበላብህ ነበር።

አደራ፣ ያገኘኸውን ቀዳዳ ሁሉ እንዳትደፍን! ብዙ ሞተሮች ላይ የቤንዚን ፓምፑ የሚሠራው ከዚሁ ቤት በምትመጣ ግፊት ነው። የእሷ ቀዳዳ ከፋብሪካ የወጣች ናት።

ስትገጥመው ሰው ሁሉ ወረቀት ቆርጠህ መሐላቸው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) አድርግ ይልሃል። አትስማ። ሁለቱ ግማሾች ብረት ለብረት ነው የሚገጥሙት። ወረቀት ከገባ መሐላቸው ይከፈትና የኩሽኔታው ቦታ ይሰፋል። ስስ የማሸጊያ ቅባት ብቻ ቀባና ብሎኖቹን ከመሐል ወደ ዳር በየተራ አጥብቅ።

ዘይት መጨመሩን ደግሞ አቁም። ጥቅም የለውም ብቻ ሳይሆን ይጎዳሃል። በካርቡሬተሩ የሚያልፈው ፈሳሽ ልኩ ያው ነው፤ ዘይቱ በበዛ ቁጥር በውስጡ ያለው ቤንዚን ያንሳል። የሳሳውን ድብልቅ ይበልጥ አሳሳኸው ማለት ነው። ሞተርህ 50 ለ 1 የሚል ከሆነ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። ታንከር ውስጥ ያለውን ድብልቅ ቅዳውና በልኩ አዲስ ሙላ።